ድራማው በቅርጫት ኳስ የተተካበት ሐሙስ

እናቴ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ትሄድ ነበር። እኔ ያኔ ግሌንዴል በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የማታ ሺፍት ስለምሠራ፣ ጠዋት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ቤት ሄጄ በመኪና አደርሳታለሁ። መርፌዎቹ ክንዷ ላይ ከገቡ በኋላ ማሽኑ ደሟን አጥቦ እስኪጨርስ ክንዷን ሳታንቀሳቅስ ግማሽ ቀን መቀመጥ ነበረባት። እኔም አጠገቧ ባለው የእንግዳ ወንበር ላይ ጃኬቴን አንገቴ ሥር አድርጌ አሸልብ ነበር።

ከየወንበሩ በላይ ትንንሽ ቲቪዎች ነበሩ። እናቴ እንግሊዝኛ ባታውቅም እኩለ ቀን አካባቢ የሚመጣ አንድ ተከታታይ ድራማ ነበራት። ድምፁን አትፈልገውም፤ ፊታቸውን እያየች ታሪኩን ራሷ ትሠራዋለች። ሽበታም የሆነውን፣ ሲገባ ሁሉም የሚነሣለትን ሀብታም «ባለሆስፒታሉ» ትለዋለች። ሰርጓ በተደገሰ ቁጥር አንድ ነገር የሚደርስባት ሴት «ሙሽሪት» ነበረች። አንድ ቀን ሻንጣ ይዛ መጥታ የባለሆስፒታሉን በር ያንኳኳች ቀጭን ልጅ ደግሞ «ባለሻንጣዋ» ነበረች። በእናቴ አነጋገር የካዳት የገዛ ልጁ ናት።

አንድ የመጋቢት ሐሙስ ጠዋት፣ መኪና ውስጥ እያለን፣ እናቴ መስኮቱን እያየች፣

«ይሄ ነገር ይብቃኝ፣ ልጄ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ማሽኑ። ከእንግዲህ አልሄድም።»

ቀይ መብራት ላይ ነበርን። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያሉት ጡሩምባ እስኪያስጮኹብኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ነገሩን አልደገመችውም። ፓርክ አደረግኩ፣ ደግፌ አወረድኳት፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ መርፌው ገባ።

የድራማው ሰዓት ሲደርስ በቲቪው ላይ ቁምጣ የለበሱ ረጃጅም ልጆች ወዲያና ወዲህ ይሮጡ ጀመር።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው? ሰዎቼ የት ሄዱ?»

«የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ነው፣ እማዬ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ትልቅ ውድድር አላቸው። ዛሬ ድራማው የለም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መኪና ውስጥ ከተናገረችው ይልቅ ያ አዟዟሯ አስፈራኝ። አንድ ነገር ካላወራሁ እዚያው እያየኋት ከእጄ የምታመልጥ መሰለኝ። ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው ሥራ ላይ አብሮኝ የሚያድር ልጅ ሲያወራ የሰማሁትን ብቻ ነው። እሱኑ ይዤ ገባሁበት።

«ያው እነሱ እኮ ናቸው» አልኳት። «ሰማያዊ ማልያ የለበሱትን እያቸው። ባለሆስፒታሉ ናቸው።»

ፊቷን ሳትመልስ፣ «እንዴት ሆኖ?» አለች።

«ሀብታም ናቸው፣ ሁሌ ያሸንፋሉ፣ ሰው ሁሉ ይጠላቸዋል። ዳኛው እንኳ ሲያያቸው እጅ የሚነሣ ነው የሚመስለው።»

ቀስ ብላ ዞረች። «ሙሽሪትስ?»

«ብርቱካናማዎቹ። ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይመራሉ። ድግሱ ተደግሷል፣ ዘመድ ተሰብስቧል፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው...»

«ካህኑ ፊት ስትደርስ ራሷን ትስታለች» ብላ ጨረሰችልኝ። «የኛ አገሮቹስ? የኮሎራዶዎቹ?»

«እኛማ በር ላይ ብቅ ብላ ‹ሻይ ላምጣ?› ብላ የምትመለሰዋ ሠራተኛ ነን። ዘንድሮ እሷንም አልጠሯትም።»

እናቴ ሳቀች። ክንዷ ተንቀሳቀሰና ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ነርሷ እየሮጠች መጥታ ቱቦውን አስተካከለች። እኔንም እንደ ልጅ ተቆጣችኝ።

በሚቀጥለው ወንበር ሁሌ የሚቀመጡ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

«ምን ብለሻት ነው?» አሉኝ። «እዚህ ቦታ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።»

አፈር ብዬ ነገርኳቸው። አልሳቁም። ቲቪውን አተኩረው እያዩ ቆዩና፣ «ተሳስተሻል» አሉ። «ሰማያዊዎቹ የባለሆስፒታሉ ጠበቃ ናቸው። ባለሆስፒታሉ ቢያንስ አንዳንዴ ያለቅሳል።»

ድራማውን ያውቁታል! ባለቤታቸው ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው የኖረች ናት አሉ። የጠዋት ሥራቸውን ጨርሰው ሲመጡ ምሳ እያቀረበች ያለፈውን ትተርክላቸው ነበር። ከሞተች በኋላ እሳቸው ማየቱን አልተዉም። «ስንገናኝ የት እንደደረሰ ትጠይቀኛለች» አሉኝ።

ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻቸው። ከዚያ ስለ ባለሻንጣዋ ጠይቂልኝ አለችኝ፤ አባቷ መቼ ነው የሚቀበላት? ጠየቅኩ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጁ አይደለችም እኮ። አጭበርባሪ ናት። ንብረቱን ፈልጋ ነው የመጣችው» አሉኝ። ልተረጉም ስዞር ግን በነፃው እጃቸው ምልክት አሳዩኝ። «ተዪው፣ አትንገሪያት። የእሷ ታሪክ ይሻላል።»

«ምን አሉ?» አለች እናቴ።

«ገና ነው አሉ።»

ሰማያዊዎቹ አሸንፈው ከወጡ በኋላ ሌላ ጨዋታ ተጀመረ። አንደኛው ቡድን አረንጓዴ የለበሰ፣ ስሙን ሽማግሌው እንኳ ሰምተው የማያውቁት የትንሽ ከተማ ኮሌጅ ነበር። ልጆቹ ከተጋጣሚዎቻቸው ትከሻ አይደርሱም። እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ፣ «ባለሻንጣዋ እነሱ ናቸው» ብላ ወሰነች። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል የለም። ኳስ ወደ እነሱ ሲመጣ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሲሳሳቱ «አይዞሽ» ትላለች። ሽማግሌው ሕጉን ይነግሩኛል፣ እኔ ለእሷ እነግራታለሁ፣ እሷ በሕጉ አትስማማም፣ እሱንም መልሼ ለእሳቸው እነግራለሁ። መጨረሻ ላይ ከሁሉም አጭሩ ልጅ ከሩቅ ወረወረና ገባለት፤ ወዲያው ፊሽካ ተነፋ።

«አወቃት!» አለች እናቴ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «አባቷ አወቃት!»

ስንመለስ ስለ ማሽኑ አላነሣችም። የአፓርታማችንን ደረጃ ስንወጣ ግን ግድግዳውን ይዛ ቆም አለችና፣ «ቅዳሜ ትመጣለች ወይ ልጅቷ?» አለችኝ።

ቅዳሜ ሄድን። አረንጓዴዎቹ ተሸነፉ፣ ያውም ክፉኛ። «አባረሯት» አለች እናቴ። ሽማግሌው ሲተረጎምላቸው፣ «ቤቱ ግን ገብታ ነበር። ሁሉም አይቷታል» አሉ። እናቴ ይህን ደጋግማ በአማርኛ ስትለው ሰማኋት።

በሚቀጥለው ሳምንት ድራማው ተመለሰ። ሁለቱ ግን ወሬያቸውን አልተዉም፤ በጋው ሙሉ በእኔ አፍ ሲከራከሩ ከረሙ። እሳቸው በማይገኙበት ቀን እናቴ ቲቪውን ቀና ብላም አታየውም ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ ማክሰኞ ወንበራቸው ባዶ ሆነ። ሐሙስ ሌላ ሴት ተቀምጣበት አገኘን። ነርሷን ጠየቅኳት።

«ስለ ሌላ ታካሚ ልነግርሽ አልችልም፤ ሕጉ አይፈቅድም» አለችኝ። ይህን ስትል ግን ዓይኔን አላየችም።

እናቴ ተረድታለች። «ቤታቸውን እንፈልግ» አለች።

አድራሻቸውን አናውቅም። ግን ጡረታ ሲወጡ ጓደኞቻቸው አንድ ያረጀ የአውቶቡስ ፌርማታ ምልክት እንደሰጧቸውና ግቢያቸው ውስጥ እንደተከሉት አጫውተውን ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሞንትቤሎ ሄደን በመኪና በየመንገዱ ዞርን። እናቴ ናት ያየችው፤ ሣሩ መሀል ቆሟል። በሩን የከፈተችልን ልጃቸው ነበረች። ማን እንደሆንን ስነግራት እጄን ይዛ አስገባችን።

ሳሎን ውስጥ በሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝተዋል። ፊታቸው አብጧል፤ እኛን ሲያዩ ግን ፈገግ አሉ።

«አቆምኩ» አሉኝ። «ንገሪያት።»

ነገርኳት። እናቴ አላለቀሰችም። ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«እንዴት እንደወሰኑ ጠይቂልኝ።»

አጠያየቄ ከባድ ነበር፤ እሳቸው ግን ጥያቄውን ሲጠብቁት የነበረ ይመስል ነበር። «ልጆቼን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ይህቺ ተቆጣች፣ ወንድሟ ጥሎ ወጣ። ተመልሶ መጣ። ብዙ ቀን ተነጋገርን። አሁን ሁላችንም አንድ ላይ ነን።»

እናቴ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ቲቪው ተዘግቶ ነበር፤ ማንም ክፈቱት አላለም። ስንነሣ፣ «እግዚአብሔር ያበርታዎት» አለቻቸው። ያን ልተረጉምላቸው ስል ገብቶኛል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሣ እናቴ፣

«እኔ ብቻዬን ነበር የወሰንኩት» አለች። «አንቺን አልጠየቅኩሽም።»

ያኔ ነው ያወራነው። እንዳትሄድብኝ እንደምፈልግ ነገርኳት። እንዴት እንደሚያማት ግን ጠይቄያት እንደማላውቅ አምኜ፣ ዛሬ እንድትነግረኝ ለመንኳት። ከማሽኑ ስትነሣ እግሯን እንዴት እንደሚያኮማትራት፣ ምግብ ሁሉ ብረት ብረት እንደሚላት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኔ ወንበር ላይ ተጣጥፌ ስተኛ ማየት እንደሚያሳቅቃት ነገረችኝ። እንድትቀጥል፣ ማቆም የፈለገች ቀን ግን አስቀድማ ለእኔና አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ እንድትነግረን ተስማማን። እኔም የቀን ሥራ ጠየቅኩ፤ እንደ ምንም ብለው ሰጡኝ። በኩላሊት እጥበቷ ቀን የምታደርሳትና የምትመልሳት አንዲት ጎረቤት አገኘን።

ሽማግሌው በዚያው ሳምንት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ልጃቸው ከቤተሰቡ ጋር ከፊት አስቀመጠችን። እንደ ቤተ ክርስቲያናቸው ልማድ ሰው ሁሉ ቆሞ እያጨበጨበ ሲዘምር እናቴ በነጭ ነጠላዋ መሀላቸው ቆማለች፤ መዝሙሩን ባታውቀውም ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አብረን አየን። ማቆም ስትፈልግ ቃሏን ጠብቃ ነገረችን። ወንድሜ መጣ። ተከራከርን፣ አለቀስን፣ አኮረፍናት፣ በመጨረሻ እሺ አልናት። የመጨረሻዎቹን ቀናት ቤት ነበረች፤ ብዙ ትተኛለች፣ ስትነቃ ስለ ልጅነታችን ትጠይቀናለች፤ ማን ቀድሞ መራመድ እንደ ጀመረ፣ ማን ወተት እምቢ እንዳለ። በወንድሜና በእኔ ትዝታ መካከል ልዩነት ሲፈጠር ዳኛዋ እሷ ነበረች። ያረፈችው ጠዋት ላይ ነው፤ እሱ በቀኟ፣ እኔ በግራዋ ተቀምጠን።