ለሐያት ማስክ ይዤ ወደ አጅማን

አርብ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ዱባይ

ፀሐይ ሳትወጣ ከዴይራ ተነሣሁ። አውቶቡሱ በር ላይ ሙቀቴ ተለክቶ ገባሁ። አንዱ ወንበር ክፍት፣ ቀጣዩ በቀይ ምልክት የተዘጋ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ሰባት ዓይነት ማስክ ይዣለሁ።

የምሄደው አጅማን፣ ዘይነባ ዘንድ ነው። ዘይነባ የወሎ ሴት ናት፤ ከአምስት ሴቶች ጋር በምትጋራው ቤት አባያ እየሰፋችና እያጠበች ትተዳደራለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሐያት ኦቲዝም አለባት። እኔም ከእንዲህ ዓይነት ልጆች ጋር የምሠራ ረዳት መምህርት ነኝ። ሐያት ማስክ ስለማትቀበል ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ደጅ አልወጣችም። ቤት ተዘግቶባት ትጮኻለች፤ ሴቶቹም ሰለቻቸው። ስለዚህ እሁድ ከአንዲት የአገር ሰው ጋር ወደ ኮምቦልቻ፣ አክስቷ ዘንድ ልትላክ ነው። አውሮፕላኑም ያለ ማስክ አያሳፍርም። የተጠራሁት ለዚህ ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሻርጃ

ሮላ አደባባይ ላይ ሐዋላ ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ ሰዎች ግን መሬት ላይ በተቀቡት ክቦች ውስጥ ተራርቀው ቆመዋል። በሁለት ድርሃም ተኩል ፓራታ ቂጣና ሻይ ቀማመስኩ። ከዚህ የሚያደርሰኝ ከማል ነው፤ የዘይነባ የአገር ልጅ፣ የዕቃ ማመላለሻ ሹፌር።

መኪናው ውስጥ ልጅቷን ዐይን ነው የበላት አለኝ። እኔም ማስረዳት ስለምወድ ጀመርኩ። ኦቲዝም በሽታ ሳይሆን አእምሮ የሚያድግበት ሌላ መንገድ ነው፤ መንስኤው አንድ አይደለም፤ የዘር ድርሻው ትልቅ ነው፤ ክትባትም ሆነ የእናት አስተዳደግ አያመጣውም። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ልጆች እኛ የምናልፈውን ጥቃቅን ነገር ያያሉ አልኩት።

«እኔም እስከ አጅማን ያሉትን የፍጥነት ካሜራዎች በሙሉ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ እኔንስ ምን ልትይኝ ነው ቲቸር?»

«አንተን ያስተማረህ ቅጣት ነው» አልኩት። እስክንደርስ ሲስቅ ነበር።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ አጅማን

ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ በር አጠገብ የታሰረ ሻንጣ። ዘይነባ ገና ሳልቀመጥ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«እርጉዝ ሆኜ ማዳም ቤት በክሎር ሳጥብ ነበር። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት?»

ማንም ሐኪም በዚህ ነው ብሎ ሊነግርሽ አይችልም፤ ጥፋት ግን የለብሽም አልኳት። በሻርፗ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች።

ሐያት ስድስቱን ማስኮች ተራ በተራ ወረወረች፤ ሰባተኛውን አልነካም አለች። ከመወርወሯ በፊት ግን እያንዳንዱን ስፌቱ ላይ ቆንጠጥ ታደርገው ነበር። የሚያውካት ስፌቱ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

በዚህ መሐል ሰዓዳ የምትባለው የቤት ጓደኛ መጣች። ዘይነባ የሴቶቹን አባያ ስታጥብ የማን እንደሆነ እንዲለይ ለእያንዳንዷ የተለየ ቀለም ክር ከውስጥ ታስርበታለች። ትናንት በሻንጣ ዝግጅት ተዋክባ ረስታለች። አሁን አምስት አንድ ዓይነት ጥቁር አባያ ተከምሯል።

«የኔን ለማን ልታለብሺው ነው?» አለች ሰዓዳ።

ሐያት ተነሣች። እጅጌዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰችና እያንዳንዱን ወስዳ በየባለቤቱ አልጋ ላይ አኖረች። ሰዓዳ የራሷን አገላበጠችው፤ ቀድሞ ራሷ በካውያ ያቃጠለችውን ጫፍ አገኘች።

«ዋላሂ የኔ ነው። እኔ እንኳ ለብሼ ነው የምለየው።»

ሁሉም የኦቲዝም ልጅ እንዲህ አይደለም፤ ሐያትም ይህን ባትችል ዋጋዋ አይቀንስም። እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው፤ እናቷ የልጇን ጣቶች እንደ አዲስ ታይ ነበር። ከዚያ ቁርጥራጭ ጨርቆቿን ሐያት ፊት ዘረገፈች። ሐያት አንዱን ለስላሳ መርጣ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ዘይነባም ስፌቱ ፊት እንዳይነካ፣ ማሰሪያውም ከጆሮ ይልቅ ከራስ ኋላ እንዲውል አድርጋ ሰፋችው። ሐያት አሰረችው፤ አላወለቀችውም።

«ይኸው፣ እሁድ ትሳፈራለች» አለች ሰዓዳ።

ዘይነባ ለተጓዧ የአገሯ ሴት ደወለች።

«ማስክማ አደረገች። ከኔ ጋር ደጅ መውጣት ከቻለች ምን ብዬ እልካታለሁ? ኸላስ፣ በቃ፣ ብቻሽን ሂጂ እህቴ።»

ወደ አጅማን ባሕር ዳር ልንወርድ ሻንጣውን ፈታች። የሐያት የደጅ ጫማ ከተቀመጠበት ወጣ፤ ለካ ደጅ ሳትወጣ እግሯ አድጎ ጠቧታል። ሐያት የሰዓዳን ነጠላ ጫማ አድርጋ ወረድን።