መሃሉ ነጭ የሆነው ጋራ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ወልድያ መናኸሪያ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ የሚገኝ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሥራ ያለውና አፉ ጣጣ ያመጣበት። እኔ ከሁለተኛዎቹ ነኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚሁ ወልድያ ለሥዕል መምህራን በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ስለ መልክዓ ምድር ሥዕል ታሪክ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናግሬያለሁ። ቻይናዎቹ ጋራንና ጉምን በቀለምና በብሩሽ ሲያዋድዱ መኖራቸውን፣ በአውሮፓ መሬት ለዘመናት የቅዱሳን እግር ማሳረፊያ ብቻ ሆና መቆየቷን፣ ከዚያ በሥዕሉ ላይ ሰዎቹ እያነሱ ሰማዩ እየሰፋ መምጣቱን፣ ቀለም በቱቦ ሲታሸግ ደግሞ ሠዓሊው ሸራውን ተሸክሞ ወደ ሜዳ መውጣቱን አስረዳሁ። የሆላንዶቹን ደመና ብቻ ሃያ ደቂቃ ሰጠሁት። የራሳችን አገር ተራ ሲደርስ ሰዓቱ አለቀ።

"በእኛ ዘንድ መልክዓ ምድር ገና ወጣት ነው፤ በክፍለ አገር ደግሞ አልተወለደም ማለት ይቻላል" ብዬ ዘጋሁት። ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ሞቅ ሲያደርገኝ ማንም ሳይጠይቀኝ "የእኔም ሥልጠና በመልክዓ ምድር ሠዓሊነት ነው" አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የስብሰባውን ፎቶ ስታነሳ የዋለችው ሴት ካሜራዋን ቦርሳ ውስጥ ከትታ ወደ እኔ መጣች። ወይዘሮ አስካለ ትባላለች፤ መርሳ ውስጥ ፎቶ ቤት አላት። "መምህር፣ አልተወለደም ያሉት መርሳ ላይ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ስንቱን ድሯል። ነገ መጥተው ይዩት" አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በትህትና እምቢ ይላል። እኔ ግን በመቶ ሰው ፊት አዋቂ ነኝ ብዬ ነበር።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ ሆቴል ምግብ ቤት ሻይ ጠጣሁ። ግድግዳው ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ጥድ፣ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤትና ሐይቅ ተስሏል። ከሥሩ አንድ ሰው በማለዳ ፍትፍት በሚጥሚጣ እየበላ ያልበዋል። "ያላዩት አገር አይናፍቅም" የሚለው ተረት የእኛን ሆቴሎች አያውቅም። ቀና ብዬ በመስኮት ስመለከት የወልድያ ጋራዎች በጠዋት ብርሃን ወርቅ መስለው ቆመዋል፤ ማንም አላያቸውም፤ ፍትፍት የሚበላውም ጭምር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

1 ሰዓት ከሩብ፤ ወደ መርሳ

ሚኒባሱ ሰው ሞላ፤ ከዚያ እንደገና ሞላ፤ ከዚያ ተነሳን። ከፊት ወንበር ስለተቀመጥኩ የመንገዱ ባለቤት ነኝ። ማሽላ፣ ግመል፣ ጀሪካን የጫነ አህያ፣ አዲስ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ እንደገና ማሽላ። በስተምዕራብ ጋራው አብሮን ይሮጣል።

ሹፌሩ ከመሪው በላይ የሠርግ ፎቶውን ለጥፏል። እሱ በሱፍ፣ ሚስቱ በቬሎ፣ ከኋላቸው ጋራ፤ ከሚስቱ ጎን ፍሬ የተሸከመ የብርቱካን ዛፍ። የተነሱበት ቦታ የት እንደሆነ ጠየቅሁት።

"አስካለ ቤት ነዋ" አለ። "ሙሽራዋ በብርቱካኑ በኩል፣ ሙሽራው በጋራው በኩል ነው የሚቆም። እኔ ተሳስቼ በብርቱካኑ በኩል ብቆም እናቴ ከፎቶ ቤቱ በር ጮኻ መለሰችኝ።"

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የተሳለ ነው። ጋራው የእነዚህ አብረውን የሚሮጡ ጋራዎች ዘመድ ነው፤ በረዶ የለበትም፣ ጥድ የለበትም። ብዕሬን አወጣሁ። ደስ አለኝ፤ ደግሞም ትንሽ ከፋኝ። ትናንት "አልተወለደም" ያልኩት ነገር ዛሬ መኪና ሲነዳ አገኘሁት።

3 ሰዓት፤ መርሳ

ወይዘሮ አስካለ በመንገዱ ዳር ጠበቀችኝ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ከዚያ ወደ አንድ የድንጋይና የጭቃ ክምር ወሰደችኝ። የቤቱ አከራይ ፎቅ ሊሠሩ ነው፤ ፎቶ ቤቱ ከፈረሰ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ግድግዳውም አብሮ። ከክምሩ ላይ አንድ አረንጓዴ ቀለም ያለበት የጭቃ ቁራጭ አንስታ ሰጠችኝ።

ተናደድኩ። የፈረሰ ሥዕል ሊያሳዩኝ ነው እንዴ በሌሊት ያስነሱኝ አልኳት።

"ፈርሷል ብልዎት ይመጡ ነበር?" አለች።

አልመጣም ነበር። ቁራጩን ይዤ ተከተልኳት።

አዲሱ ፎቶ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። አንድ ክፍል፤ አንድ ወንበር፤ ከኋላው ኖራ የተቀባ ባዶ ግድግዳ። ሠዓሊው ጋሽ ይማም ይባላሉ፤ እዚሁ አቅራቢያ ያለችው የግራና ከተማ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የታፔላ ጽሑፍ ሲጽፉ የኖሩ። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከታች በኩል ሌላ ፎቶ ቤት ተከፍቷል፤ የዱባይ ፎቆች የታተሙበት ባነር ሰቅሏል። ነገር ግን የመርሳና የገጠሩ ቤተሰብ በየዓመቱ፣ ሙስሊሙ በአረፋ ክርስቲያኑ በጥምቀት፣ እዚያው ጋራ ሥር እየቆመ ልጆቹ የት ድረስ እንዳደጉ ይለካል። አረፋ አሥር ቀን ቀርቶታል። እስከዚያ ጋራው ካልተመለሰ አስካለም ባነር ልትሰቅል ነው፤ ሌላ ምርጫ የላትም።

"እርስዎ ደግሞ ሥልጠናዬ ነው ብለዋል" አለች፤ በትህትና፤ ጉሮሮዬን ይዛ።

ለጊዜው ለማምለጥ የቆዩትን ፎቶዎች ልመርምር አልኳት። አንድ ካርቶን ሙሉ አመጣች። ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ ሐጅ ደርሰው የመጡ ሽማግሌዎች፣ አዲስ ጫማ ያደረጉ ሕፃናት። በስተግራ የጋራው ትከሻዎች፣ በስተቀኝ ብርቱካኑ፣ ከላይ ሰማይ፣ ከታች ጅረት። መሃሉ ግን በሁሉም ፎቶ ላይ በሰው ተሸፍኗል። ሃምሳ ያህል አየሁ፤ መሃሉን ያሳየኝ የለም።

ባለሙያነቴ ተቀሰቀሰ። መሃሉ ላይ ምን ነበር? የሠዓሊው እናት ቤት? መስጊድ? በማስታወሻዬ ላይ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። "የማይታየው መሃል" የሚል ርዕስም ሰጠሁት፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲሆን። አስካለን ብጠይቃት ኖሮ በአንድ ቃል ትነግረኝ ነበር፤ ግን አዋቂ ሰው ባለቤትን አይጠይቅም፤ ይመራመራል።

8 ሰዓት፤ ግራና

በባጃጅ ሄድን። መንገዱ ባጃጅን ለሁለት ይከፍላል፤ እኔንም። ጋሽ ይማም ከቤታቸው ደጅ፣ ከብርቱካን ዛፎቻቸው ሥር፣ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጠው አገኘናቸው። ነጭ ኮፍያ፣ ሽርጥ፣ ጉልበታቸው ላይ ያረፈ የሚንቀጠቀጥ ቀኝ እጅ። ሰላምታው ከጤና ተነስቶ በዝናብ አልፎ እኛ ቤት እስካሉት ልጆች ድረስ ሄደ፤ መልሱ ሁሉ አልሐምዱሊላህ ነው።

ያለ ሰው፣ ያለ ከብት፣ ባዶ አገር ለምን እንደሳሉ ጠየቅኋቸው።

"ሩሕ ያለውን አልስልም" አሉ። "የቂያማ ቀን 'በል ነፍስ ዝራበት' ብባል ከየት አመጣለሁ? ጋራ ግን አይጠይቀኝም። ጅረትም አይጠይቀኝም።"

ብዕሬ መሮጥ ጀመረ። አውሮፓውያን ሰዎቹን ከሥዕሉ አስወጥተው መሬቱን ብቻውን ለማቆም ስንት መቶ ዓመት ፈጀባቸው፤ እኒህ ሰው በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ፍርሃት ጨረሱት። ትናንት ከሁለት ሰዓቴ ላይ ለእሳቸው ሦስት ደቂቃ እንኳ አልደረሳቸውም። አፈርኩ፤ ግን ዋናውን ጥያቄ አልረሳሁም።

"መሃሉ ላይ ምን ሥለው ነበር?" አልኳቸው።

ግራ ተጋብተው አስካለን አዩ። እሷም እኔን አየች።

"ምንም" አሉ ጋሽ ይማም። "መሃሉ ነጭ ነው። ቤቱ አንድ ግድግዳ ነው ያለው። ሙሽራም እዚያው ነው፣ የመታወቂያ ጉርድም እዚያው ነው። ጉርድ ደግሞ ነጭ ይፈልጋል። ለሠርግ ሰዎቹ ራሳቸው ይሸፍኑታል፤ ቀለም ለምን አባክናለሁ?"

ሦስቱን ገጽ በፀጥታ ሰረዝኩ። አስካለ ፊቷን ወደ ብርቱካኖቹ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው በከዘራቸው ጋራውን አሳዩኝ። ከደጃቸው ቁጭ ሲሉ ልክ ከፊታቸው ነው፤ ሦስት ትከሻ አለው፤ ሦስተኛው ከሲታ ነው። እናታቸው በዚህ ደጅ ተቀምጣ ስትኖር ያየችው ጋራ ነው። እሷ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። "እሷን መሳል አልችል፤ ያየችውን ሳልኩ" አሉ። "ግድግዳው ላይ ዳግም ሳላየው ብሞት ይቆጨኛል። አንተ ትችላለህ?"

መዋሸት አማረኝ። አልቻልኩም። ብሩሽ ከያዝኩ አሥራ ስምንት ዓመት እንዳለፈኝ፣ የመመረቂያ ሥዕሌን ገምጋሚው "የግድግዳ ካላንደር ይመስላል" ብሎ እንደሳቀብኝ፣ ከዚያ ወዲህ የሌሎችን ሥዕል እያወራሁ እንጀራ እንደምበላ ነገርኳቸው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። የነገርኳቸው እንደ መርማሪ ከመጣሁበት ደጅ ላይ መሆኑ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ።

"አብሽር" አሉኝ። "ጋራው የትም አልሄደም።"

እሑድና ሰኞ፤ መርሳ

ጋሽ ይማም ወንበር ላይ ተቀምጠው በከዘራ ያዛሉ፤ እኔ መሰላል ላይ ቆሜ እታዘዛለሁ። ስመረቅ እንዲህ ያለ ፈታኝ አልገጠመኝም። በትምህርት ቤት ሩቅ ያለ ነገር ወደ ሰማያዊ ያደላል ተብለናል፤ ስለዚህ ጋራውን ሰማያዊ አደረግሁት።

"ታሟል እንዴ?" አሉ።

አጠፋሁት። ሁለተኛውን ትከሻ አምስት ጊዜ ሠራሁ። ብርቱካኖቹን በጥንቃቄ በጥላና በብርሃን ስኳኩል፣ ከሩቅ የማይታይ ፍሬ ለማን ነው፣ ሙሽራዋ እኮ በዚያ በኩል ናት አሉኝ፤ በሰፊው ብጫና ቀይ ጠብ ጠብ አድርጌ ጨረስኩት። አስካለ ማንጎ እየላጠች ታቀብለናለች። መንገደኛው በበሩ እያሾለከ አስተያየት ይሰጣል፤ አንዱ ጅረቱ ወደ ላይ እየፈሰሰ ነው አለ። እውነቱን ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግራውም ቀኙም አለቀ። መሃሉ ነጭ ሆኖ አፈጠጠብኝ። እጄን በላኝ። አንድ ዋርካ፣ አንዲት ትንሽ ዋርካ ብቻ ባስገባበት ሥዕሉ ይሟላል ብዬ አሰብኩ፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ረሃብ ነው። ብሩሹን አረንጓዴው ውስጥ ነክሬ ስዘረጋ ከዘራው መጥቶ በእኔና በነጩ መካከል ቆመ።

"ተው" አሉ ጋሽ ይማም። "እዚህ ሰው ይቆማል።"

ወረድኩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ ለረጅም ጊዜ አዩት። ሦስተኛው ትከሻ ወፍሯል አሉ። ከዚያ በኮፍያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ግራና ናት" አሉ በመጨረሻ። እኔም አለቀስኩ፤ ቀለም ገብቶብኝ ነው አልኩ፤ ማንም አላመነኝም።

ቀለሙ ሲደርቅ አስካለ ወንበሩን አስተካክላ የመጀመሪያውን ሰው አስቀመጠች፤ እኔን። ይህን አምድ የምጽፍለት ጋዜጣ ጉርድ ፎቶ ላክ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሟል።

የአረፋ ማግስት፤ አዲስ አበባ

ዛሬ ጠዋት አስካለ ደወለች። ትናንት ከሶላት በኋላ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር፤ ሙሽሮቹ በየወገናቸው ቆመዋል፤ ባነር አልተሰቀለም። ጋሽ ይማም ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ለሚገባው ሁሉ ሦስተኛው ትከሻ የእሳቸው ሥራ እንዳልሆነ ሲያስረዱ ውለዋል።

ፎቶዬን ለአዘጋጁ ላክሁ። ከጀርባህ ያለውን ዝባዝንኬ ቆርጠን ፊትህን ብቻ እናወጣለን፣ ቦታ የለንም አለኝ። ይሁን፤ ጉርድ ነጭ ይፈልጋል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አናት ላይ፣ በስተግራ በጆሮዬ አጠገብ፣ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ተርፋ ካየህ የማተሚያ ቤቱ ስህተት እንዳይመስልህ። የግራና ጋራ የመጀመሪያው ትከሻ ናት። የሳልኳት እኔ ነኝ።