ስቴኖሲስ ማለት

መካኒሳ አቦ ሰፈር ውስጥ እንደኔ ግሪክኛ የሚያውቅ የለም። ከስምንተኛ ክፍል ባላልፍም መዝገበ ቃላት አገላብጬ ያልደረስኩበት ነገር የለም። ሐኪሙ ባለቤቴን «የልብዎ በር ስቴኖሲስ አለበት» ሲላት እኔ ቀደምኩት።

«ስቴኖስ በግሪክ ጠባብ ማለት ነው፤ የልብሽ በር ጠቧል ነው የሚልሽ» አልኳት። ሐኪሙ ሳቀ፣ እኔም ኮራሁ።

ታክሲ ውስጥ ገብተን፣ «እኔን ነው ጠባብ ያለኝ? ዘመድ አዝማድህን ሁሉ በአንድ ክፍል ቤት ያስተናገድኩትን!» አለችኝ።

«ልብሽማ ሰፊ ነው፣ በሩ ነው የጠበበው።»

ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ግን፣ «ስሙንስ አወቅነው። ይድናል ወይ ብለህ ጠየቅከው?» አለች።

አልጠየቅኩም። ፈርቼ ነበር፤ ግሪክኛውንም ያወራሁት ለዚያ ነው።

የቀዶ ጥገናው ወረፋ ሳይደርሳት አረፈች።

ሁልጊዜ አልጋውን ወደ ግድግዳው እየገፋች «ይቺ ቤት ጠበበችን እኮ» ትለኝ ነበር። አሁን ያቺው አንድ ክፍል ሰፍታብኝ የት እንደምቀመጥ ግራ ይገባኛል። መዝገበ ቃላቱ አጠገቤ አለ፤ ይሄ በግሪክ ምን እንደሚባል ግን ገልጬ አላየሁም።