ያልተናገርኩት የውሃ ልክ

ዕድሜዬን በእርሻ ምርምር ስላሳለፍኩ፣ የአንድ ወቅት ውጤት ሳይደገም ለሰው አይነገርም የሚል ጽኑ ልማድ ነበረኝ።

ካምፓላ ከመጣሁ በኋላ፣ ንቲንዳ ሰፈር በምኖርበት ቤት ጓሮ በሦስት መደብ ኦቾሎኒ ዘራሁ። አንዱን በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሳምንቱ፣ ሦስተኛውን በየሁለት ሳምንቱ አጠጣሁ። በየቀኑ የጠጣው ቅጠሉ እጅግ አማረ፤ ሲነቀል ግን ፍሬው ጥቂት፣ ከፊሉም የበሰበሰ ነበር። ከሁሉ የተሻለ ያፈራው በየሳምንቱ የጠጣው ነው። ይህን በደብተሬ አስፍሬ ለማረጋገጫ እስከሚቀጥለው በጋ አቆየሁት።

በከተማው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ለፋብሪካ ሠራተኞች ምሳ የምታበስል አንዲት ያገሬ ሴት፣ ከከተማው ጫፍ ከሙንዮንዮ ወዲያ፣ ሐይቅ ዳር መሬት ተከራይታ ኦቾሎኒ ዘራች። ጉልበቷ ምድጃ ፊት መቆም እምቢ ብሏት ነበር፤ አዝመራው ከያዘላት ወጥ ቤቱን ልትተው ቆርጣለች።

አንድ እሑድ ማሳውን እንድናይላት ጥቂት ሰዎችን ጠራች። በየማለዳው በፓምፕ ታጠጣዋለች። ጭቃው ጫማዬን አልለቅ አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል፤ እንዴት አዩት?» አለችኝ።

«ውሃው አልበዛም?» አልኩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አብሮን የመጣ ነጋዴ ሳቀ። «ምሁርም በቡቃያ ላይ ያሟርታል እንዴ? ቅጠሉን አያዩትም፣ ሰላጣ መስሎ።»

«ተወው፤ ጋሼ ለኔ ክፉ አያስቡም» አለች። ዓይኗ ግን ከፊቴ አልተነሳም።

በእኛ ዘንድ በቆመ ሰብል ላይ ክፉ የተናገረ፣ ሰብሉ ሲጠፋ በእሱ ይሳበባል። በእጄ ያለውም የአንድ ወቅት ውጤት ብቻ ነበር። «ያማረ ነው» አልኩ። ከአበባው ሥር የሚወጣው ቀጭን ዘንግ አፈር ውስጥ ገብቶ ፍሬ የሚይዝበት ሰሞን ነበር፤ ውሃው ያኔ ቢራራቅ ኖሮ ብዙው ይተርፍ ነበር።

አዝመራው ሲደርስ ከማሳው የነቀለችውን አንድ እግር ኦቾሎኒ በፌስታል ይዛ ቤቴ መጣች። ፍሬው ጠቁሮ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ደብተሩን አውጥቼ ሰጠኋት። ቀስ ብላ አነበበችው።

«ያን እሑድ ይህን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።»

«እርግጠኛ ይሁኑልኝ መቼ አልኩ፣ ጋሼ?»

ደብተሩን ዘግታ መለሰችልኝ።

መሬቱን ለባለቤቱ አስረክባ ወጥ ቤቷ ተመልሳለች። ምሳ ልበላ ስሄድ በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ተደግፋ ሳህኑን በአክብሮት ታቀርብልኛለች። ከዚያ ወዲህ ግን ምክር ጠይቃኝ አታውቅም።