ወፍ የሸሸው ማንጎ

ሸዋ ሮቢት የሄድኩት ወፍ ላጠና ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቃል። ያኔ ግን ወጣቱ ለጦር ሜዳ የሚታፈስበት ወቅት ስለነበር፣ ቤት ለቤት እየዞረ የሚጠይቅ ሁሉ ያስፈራል። የዩኒቨርሲቲው መምህራችን ለተግባር ልምምድ በየከተማው ሲበትነን፣ ነዋሪው ስለ ግቢው ዛፍና ስለ ወፎቹ የሚያውቀውን ከራሱ አፍ እንድንሰማ፣ ያንኑ መልሰን ለከተማው ተማሪዎች እንድናስተምር አዘዘን። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስከ ኬላው ድረስ።

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሳይነጋ ወጣ። ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ተንቀጠቀጥን፤ ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ሹራቡ ሁሉ ወለቀ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ። ከዚያ በታች ባለው ኬላ ወታደሮች የይለፍ ወረቀት እያዩ ከኋላ ወንበር ሁለት ወጣቶችን አወረዱ። አንደኛው ሻንጣውን ረስቶ ወረደ። «ሻንጣው» ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። ቆሎውን ሳልቀምሰው ደረስኩ።

ሸዋ ሮቢት

ሙቀቱ ገና ከአውቶቡሱ ስወርድ ፊቴን ገረፈኝ። ቀበሌው አብሮኝ የሚዞር ሰው ሰጠኝ፤ ጓድ ሞላ ይባላል። ካኪ ለባሽና ዝምተኛ ነው፤ ጫማው ግን ይጮኻል። ያንን ጫማ ሲሰሙ ሰዎች ከዛፋቸው ጥላ ብድግ ይላሉ። ስለ ወፍ ስጠይቃቸው የሚመልሱልኝ እሱን እያዩ ነበር።

የመጨረሻው ግቢ የእትዬ ዘነበች ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ ማንጎ አለ። የአምና ጎጆዎች ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ተንጠልጥለዋል፤ ቢጫዎቹ ወፎች ግን ከላይ እየዞሩ ይንጫጫሉ እንጂ አንዷም አታርፍም።

«እትዬ፣ ወፎቹ ምነው ዛፉን ሸሹት?» አልኳቸው። መቼም አፌ ይቀድመኛል።

እትዬ ዘነበች የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳቡ። ቀና ብዬ አየሁ። በቅጠሉ መሃል የሰው ተረከዝ አለ።

ከአፈሳው የተሸሸገ ልጃቸው መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ልጃቸውን የደበቁበትን ዛፍ በቀበሌው ሰው ፊት ያሳየሁት እኔው ነኝ።

«እውነቷን ነው፤ ምን ገብቶበት ነው?» አለ ጓድ ሞላ፣ ወደ ዛፉ እየቀረበ።

«እባብ ይሆናል» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «እባብ ያለበት ዛፍ ላይ ወፍ አያርፍም።»

ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳና ወረወረ። ድንጋዩ ሥጋ ሲመታ ተሰማኝ። ከላይ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። እናትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ቆመዋል።

ጓድ ሞላ ሽቅብ ለብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ እጁን አራገፈ።

«እባብ ነው» አለ። «እንሂድ።»

መመለሻ

በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ያ ጫማ ሲመጣ ሰማሁ። ጓድ ሞላ በመስኮቱ በኩል ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእባቡን ነገር እንዳልሽው ጻፊው። ምንም አትጨምሪበት» አለኝ። ምክር ይሁን ዛቻ አልለየሁም። ኬላውን እስክናልፍ ላቤ አልደረቀም።

ከቀናት በኋላ መምህሬ ዘገባዬ ላይ «እባብ» የሚለውን አንብቦ ጥሩ ትዝብት ነው አለኝ። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው፤ ማን አጠገቤ እንደቆመ ሳላይ ሰው ስለ ግቢው አልጠይቅም።

የተመለስኩ ዕለት ማታ ቤት ስደርስ በሩን የከፈተልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። በዚያ ክረምት ከእኔ በቁመት በልጧል። ሳልስመው በፊት በትከሻው አሻግሬ ግቢያችንን አየሁ። ያለን አንድ ቀጭን ባሕር ዛፍ ነው፤ ድመት እንኳ አይሸሽግም።