ላብ የወሰደው ሦስት ኪሎ

የራቢያ እናት በአርባ አምስት ዓመታቸው ደም ግፊት ጥሏቸው፣ ግራ ጎናቸው እንደ በድን ሆኖ ሁለት ክረምት ከአልጋ ሳይነሡ ሞቱ። ራቢያ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ናት። አርባ አራት ዓመት በሞላት ሰሞን ራሷን እያመማት ጤና ጣቢያ ብትሄድ፣ «ግፊት አለብዎ። ይህን ክኒን እንዳያቋርጡ። ክብደትም ቢቀንሱ ጥሩ ነው» አሏት። ክኒኑን መዋጥ ብትጀምርም፣ ከዚህ ሁሉ ጆሮዋ የያዘው ክብደት የሚለውን ብቻ ነው።

ለሰፈሩ ሰው ጭንቀቷ አይገባውም። «ተመችቶሽ ወፈርሽ፤ ይህም ያሳዝናል?» ይሏታል።

ቁርስና ምሳ ተወች። ሆዷን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ሹራብ ደርባ፣ ላቧ እየተንጠፈጠፈ ትሰፋ ጀመር። ሲመሽ ግን ረኃቡ እንደ ጅብ ይነሣባታል፤ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትበላና እየበላች ታለቅሳለች። ቀጥላ ሰኞና ሐሙስ መጾም ያዘች። ባሏ አብዱልቃድር አንድ ቀን አስተዋላትና፣

«ራቢያ፣ ጾሙ ለአላህ ነው ወይስ ለሚዛኑ?» አላት።

ራቢያ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ሐሙሲት ከተማ የምትኖረው እኅቷ ፈሪዳ ደግሞ፣ «የወንዛዬ ፍል ውኃ ስብ ያቀልጣል» አለቻት። ሄዳ ሦስት ቀን ጧት ማታ ተነከረች። ስትመለስ ከመኪና ወርዳ በቀጥታ መድኃኒት ቤት ገባችና ሚዛን ላይ ወጣች፤ ሦስት ኪሎ ቀንሳለች። በደስታ አነባች። ግፊቱም ከስቡ ጋር የቀለጠ መስሏት ክኒኑን አቆመች። በአራተኛው ቀን ሚዛኑ የቀድሞውን ቁጥር አሳያት። ወርዳ እንደገና ወጣች። ያው ነው።

ያኔ ተስፋዋ ተሟጠጠ። ወገብ ያወጣል የተባለ ቅጠል ከገበያ ገዝታ ማለዳ ማለዳ አፍልታ ትጠጣ ገባች። ቅጠሉ ሆዷን በተቅማጥ ያጥበዋል። ዓይኗ ጎደጎደ፤ እሷ ግን «እየሠራ ነው» አለች። በስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ብሎ ሳለ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች። መርፌው ጣቷን በሳው። ስትነቃ መጀመሪያ ያደረገችው ግራ እጇን ማንሣት ነበር። ተነሣላት።

አብዱልቃድር በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሳት። ነርሷ ትዕግሥት ጉሉኮስ ሰክታ ሁሉንም በዝግታ ጠየቀቻት።

«እትዬ ራቢያ፣ ስብ በላብም በተቅማጥም አይወጣም። የወጣው ውኃ ነው። ሲጠጡ ይመለሳል።»

«ታዲያ ረኃቡስ? ያ ሁሉ ረኃብ?»

«ቀን የዘለሉትን ማታ እጥፍ አድርገው በሉት። በሰዓቱ ይብሉ፤ ዘይቱንና ስኳሩን ይቀንሱ፤ በእግርዎ ይሂዱ። ክኒኑን ደግሞ ቢከሱም ባይከሱም ያለ ሐኪም ቃል አያቁሙ።»

«በስንት ጊዜ እከሳለሁ?»

«በወር አንድ ኪሎ ከቀነሱ ደግ ነው።»

ራቢያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንድ ኪሎ! እሷ በሦስት ቀን ሦስት ያየች ሰው።

ከዚያ ወዲህ ግን ክኒኗን ሳታቋርጥ ትውጣለች፤ ማለዳ ማለዳም ከባሏ ጋር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ትሄዳለች። መንገደኛው ስትቻኮል ሲያያት፣ «ምነው፣ ማን ሞተ?» ይላታል። በሁለት ወር የቀነሰችው ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ቀሚሷም ያው እንደ ጠበባት ነው። አንድ ጧት ዳገቱ መካከል ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አልቻልሁም» አለች። «አይሆንልኝም፣ አብዱልቃድር።»

ባሏ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቅ ጀመር። ገብስ የጫኑ ሁለት በቅሎዎች አለፏቸው። በቅሎዎቹ ከዓይን ሲጠፉ ራቢያ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ ትከሻውን ተደግፋ ተነሣችና ዳገቱን ቀጠለች።