ከማይክሮስኮፕ የወጣ ጥለት

መተማ ዮሐንስ ከገባሁ ከጥቂት ዓመት በኋላ ስፌት ሰለቸኝ። ይህን ለእናቴ ብነግራት አሞሻል ወይ ስለምትለኝ ዝም አልኩ። ሥራዬ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የበሽተኛ ደም መስታወት ላይ እቀባለሁ፣ አቀልማለሁ፣ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ከሥራ መልስ በረንዳዬ ላይ ምንጣፍ አንጥፌ እሰፋለሁ። ሸጬ አላውቅም፤ ለገበያም አስቤው አላውቅም። እጄ ሥራ ሲፈታ ሆዴ የሚባባ ሰው ስለሆንኩ ብቻ ነው የምሰፋው።

እናቴ ደባርቅ ነው የምትኖረው። ለሠርግ የሚሆን መሶብ የፈለገ ሰው ቤቷን ጠይቆ ይሄዳል። ወስፌ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ጥለቶቿን በሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ ልሠራቸው እችላለሁ። ችግሩም ይኸው ነበር። ሙዳይ ስጀምር መጨረሻው ከፊቴ ይደቀናል። የት ጋ ቀዩ እንደሚገባ፣ የት ጋ አረንጓዴው እንደሚያልቅ አውቀዋለሁ። እጄ ይሄዳል፤ እኔ አብሬው አልሄድም።

አዲስ ነገር ፍለጋ ስልክ ላይ መዋል ጀመርኩ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር የሰው ስፌት አያለሁ፤ የአዲስ አበባውን፣ የሐረሩን፣ የማላውቀውን አገር ሁሉ። ያማረውን አስቀምጣለሁ፤ ለመሥራት ስቀመጥ ግን ነፍሴ እምቢ ትላለች። አንዴ ከስልክ ላይ የቀዳሁትን የጽጌረዳ ቅርጽ ሙዳይ ላይ አስገብቼ ለእናቴ ላክሁላት። ደወለችልኝ። "ደርሶኛል፤ ቆንጆ ነው" አለችና ወዲያው ስለ ጎረቤት ልጅ ክርስትና ማውራት ጀመረች። እናቴ ስፌት ወዳ ወሬ ስትቀይር አይቻት አላውቅም።

በዚህ ላይ ሣሩ አለቀ። አክርማና ስንደዶ ቆላ ውስጥ አይገኝም። ከደጋ የሚወርድ ሰው ሲገኝ እናቴ እንደ ሕፃን ጠቅልላ ትልክልኛለች። ያን ዓመት መንገዱ ለብዙ ሳምንታት ተዘጋና የሚወርድም የሚወጣም ጠፋ። የቀረችኝ አንዲት እፍኝ ነበረች፤ እሷም በመተማ ሙቀት ደርቃ፣ ውኃ ባርከፈክፍባትም እንኳ ስነካት ትሰበራለች። ወስፌዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ይበቃኛል አልኩ።

አንዲት ሱዳናዊት እናት ያየሁት በዚያው ሰሞን ነው። ከማዶ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ በእግር ተሻግረው የሚመጡ ሱዳናውያን ጤና ጣቢያችን በር ላይ አይጠፉም። እኒህ ሴት በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። በገላ የሚጠቀለለውን ቢጫ ቶብ ለብሰው፣ ትኩሳት የጣላትን ትልቅ ልጃቸውን አስደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷን ለደም ልጠራት ወጣሁ። ጠራኋት፤ ተነሣች፤ እኔ ግን የእናትዮዋን ጭን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

እየሰፉ ነበር። ጥቅሉን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው ይወጋሉ፣ ያስገባሉ፣ ይስባሉ። ልክ እንደ እናቴ። በእጃቸው የያዙት ግን ሣር አይደለም። ሰፋ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ጠፍር የሚታዘዝ ነገር ነው፤ ቀለሙም ብርቱካናማ ከጥቁር ጋር።

አንድ ነርስ ባልደረባ አለኝ፤ የመተማ ነጋዴ ልጅ ስለሆነ ዐረብኛውን እንደ አማርኛው ነው የሚናገረው። ሲያልፍ እጁን ያዝኩት።

"ምን እንደሚሰፉ ጠይቅልኝ።"

"ለበሽታው ያስፈልጋል?"

"አያስፈልግም። ጠይቅልኝ ብቻ።"

ጠየቀልኝ። "ጠበግ ይባላል ይላሉ። የምግብ መክደኛ ነው። ከቤታቸው ሲወጡ ምንም አልያዙም፤ ይህን የጀመሩት እዚህ ነው።"

"ቅጠሉስ?"

"የዘምባባ ነው። ከሽንፋ ወንዝ ዳር እየቆረጡ ገበያ ያመጡታል። አላየሽውም እንዴ? ምንጣፍ ተራ ሞልቷል እኮ።"

አይቼዋለሁ። በየሳምንቱ በጎኑ አልፌ ነው ቲማቲም የምገዛው። ለመጥረጊያና ለምንጣፍ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። ሮጬ ገብቼ ወስፌዬን ከቦርሳዬ አወጣሁና አሳየኋቸው። ሴትዮዋ ወስፌውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ የራሳቸውን መውጊያ ከፍ አድርገው ከእኔው ጎን ለጎን አስጠጉት። "መኽረዝ" አሉ። "ወስፌ" አልኩ። ሁለታችንም ሳቅን፤ አግዳሚው ላይ ያለው በሽተኛ ሁሉ እኛን ማየት ጀመረ።

የልጅቷን ደም ወስጄ፣ ቀብቼ፣ አቅልሜ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀመጥኩት። ወባ ነበረባት። ውጤቱን ጽፌ ለሐኪሙ ላክሁ፤ መድኃኒቷንም ስትወስድ አየሁ። ከዚያ ወደ ወንበሬ ተመልሼ መስታወቱን ላነሣ እጄን ስዘረጋ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደግሜ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ስንት ዓመት ሙሉ ያየሁት ነገር ነው። ሮዝ የሆኑ ክቦች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አንዳንዱ ክብ ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ላይ እንደ ፈርጥ ሐምራዊ ነጥብ ተቀምጧል። በመካከላቸው ደግሞ እዚህም እዚያም እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጡ አሉ። እስከዚያ ቀን ሁሌም የማየው ለመቁጠር ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔ ላይ የሴትዮዋ ስፌት ስላለ፣ የማየው ነገር ጥለት ሆነብኝ። ከመሃል ተነሥቶ በዙር በዙር የሚሰፋ ሰፌድ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የጓንት ካርቶን ክዳን ቀድጄ በእስክሪብቶ መሣል ጀመርኩ። ነርሱ ሊጠራኝ ገብቶ አጎንብሼ ሲያገኘኝ "አሞሻል?" አለ።

"ደህና ነኝ። ሴትዮዋ የት እንደሚኖሩ ጠይቅልኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፍ ተራ ሄጄ መሸከም የምችለውን ያህል ዘምባባ ይዤ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ከልጃቸው ጋር የተከራዩት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ከፊቷ ዳስ አለ። ልጅቷ ትኩሳቱ ለቋት ፀጉሯን እየተሠራች ነበር። ነርሱ አድርሶኝ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ቋንቋችን እጃችን ሆነ። ቅጠሉን እንዴት እንደሚነክሩት፣ በጥፍር እንዴት እንደሚሰነጥቁት አሳዩኝ። አክርማ ሲስቡት ይቆረጣል፤ ዘምባባ ግን በሳብኩት ቁጥር ይጠብቃል። እንደ ሕፃን ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ እስብ ነበር።

ቀለሙ አስቸገረን። እኔ የምፈልገው ያን ሐምራዊ ነው፤ ገበያው ላይ ግን ሐምራዊ ዱቄት የለም፤ ቀይና ሰማያዊ ገዛን። ድስት ጥደን ደባለቅናቸው። የመጀመሪያው እንደ ጭቃ ቡኒ ሆኖ ወጣ። ሴትዮዋ ድስቱን አይተው አፍንጫቸውን ነፉ፤ ደፉትና እንደገና ጀመሩ። ሰማያዊውን አብዝተው፣ ጨው ጣል አደረጉበት። ቅጠሉን በእንጨት ሲያወጡት ትክክለኛው ቀለም ነበር፤ ማይክሮስኮፑ ውስጥ ያለው ራሱ። ሳላስበው አቀፍኳቸው። ሰኞ እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ሐምራዊ ሆኖ ሥራ ገባሁ። የተገረመ ሰው አልነበረም፤ የላቦራቶሪ ሰው መቼም ቀለም አያጣውም።

ክብ በስፌት ማውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስጀምረው ክቦቼ ሁሉ እንደ ሳጥን ማዕዘን አወጡ። ሴትዮዋ "ላ፣ ላ"፣ አይሆንም፣ እያሉ በመኽረዛቸው ይፈቱብኛል። በየዙሩ ወስፌውን ከቀድሞው ቀዳዳ ትንሽ ገፋ አድርጌ እንድወጋ አስተማሩኝ። እንደዚያ ሳደርግ መስመሩ ጎበጠ። ያን ሰሞን ከሥራ የምወጣው በጥድፊያ ነበር። መንገድ ላይ ሰው ሲያቆመኝ እንኳ የሚቀጥለው ዙር ላይ ቀለበቱን የት እንደምዘጋ ነው የማስበው። ሌሊቱ አልነጋ እስኪለኝ ድረስ የሚያጓጓኝ ነገር ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ ነው!

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሴትዮዋ የምንሰፋው ምን እንደሆነ አያውቁም። ልጃቸውን አልጋ ላይ የጣላትን ነገር ቆንጆ አድርጎ መስፋት ያስቀይማቸው ይሆን እያልኩ ፈራሁ። ነርሱ ሊጠይቀን በመጣ ቀን እንዲነግራቸው ለመንኩት። እሱም ፈራ፤ ግን ነገራቸው።

ሴትዮዋ እጃቸውን አሳርፈው ቀለበቶቹን ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

"ምን አሉ?"

"'እንግዲያው በደንብ ውጊው፤ እስካሁን አላልተሽ ነው የምትወጊው' ነው የሚሉሽ" አለ ነርሱ።

ሰፌዱ ባለቀ ሰሞን መንገዱ ተከፈተ፤ እናቴም ሣሩን በሰው ከመላክ ራሷ ይዛው ወረደች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ላቧ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል። ቤት ገብታ ውኃ ሳትጠጣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ሰፌድ አየች። ቀረበች። በጣቷ ዙሩን ተከትላ ሄደች።

"ይኼ ምን አበባ ነው?"

"አበባ አይደለም እማ። ወባ ነው።"

"ምን?"

"ወባ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደዚህ ነው።"

ዘወር ብላ አየችኝ፤ የማሾፍባት መሰላት። "በይ አሳይኝ" አለች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ኃላፊያችንን አስፈቅጄ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ አስገባኋት። ነጠላዋን አጣፍታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ጎንበስ አለች። መጀመሪያ "ጨለማ ነው" አለች፤ ብርሃኑን አስተካከልኩላት። ከማይክሮስኮፑ ላይ አልነሣ አለች።

"እማ?"

"ዝም በይ፤ እያየሁ ነው።"

ቀና ስትል ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል፤ ከትኩረት ይሁን ከሌላ አላወቅሁም። "እንዲህ ያማረ ነገር ነው ሰው የሚገድለው?" አለች። ቆየት ብላ ደግሞ "ሌላስ አለሽ?" አለችኝ።

ከበሽታ ውጭ ምን እንደማሳያት ግራ ገባኝ። ለምሳ ከያዝነው ሽንኩርት ላይ ስስ ልጣጩን ገፈፍኩና መስታወት ላይ አደረግሁላት። አየች። እንደ ጡብ ተራ በተራ የተካበ፣ እያንዳንዱ ጡብ ውስጥ ነጥብ ያለው ነገር ነው። እናቴ ጭኗን በእጇ መታች። "ዕድሜዬን ሙሉ ስከትፈው የኖርኩት ይኼንን ነው?" አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት። በየምሳ ሰዓቱ አንድ ነገር በመሐረብ ቋጥራ ትመጣለች፤ የዝንብ ክንፍ፣ የሰሊጥ አበባ፣ የጥጥ ክር፣ ከእንጀራ ላይ የተገኘ ሻጋታ ሳይቀር። ኃላፊያችን ራሱ እየመጣ "ዛሬስ ምን አመጡ፣ እማማ?" እያለ አብሮ ያይ ጀመር።

ለአንድ ሳምንት የመጣችው እናቴ ወር አለፋት። ከሰዓት በኋላ ወደ ሱዳናዊቷ ሴት ዳስ ትሄዳለች። እናቴ ዐረብኛ አትችልም፤ እሳቸውም አማርኛ አይችሉም፤ ግን ከሥራ ወጥቼ ስደርስ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሲናገሩ አገኛቸዋለሁ። እናቴ አክርማውን ሰጥታ ዘምባባ ትቀበላለች። አንድ ቀን ዳሱ ሥር ስደርስ እናቴ የሽንኩርቱን ጡብ በዘምባባ ሌማት ላይ ጀምራለች፤ ሴትዮዋ ቀዩ ይቅደም እያሉ ቅጠሉን ይስባሉ፣ እሷ ደግሞ ጥቁሩ ይቅደም እያለች ትጎትታለች። እኔን ሲያዩ ሁለቱም ሌማቱን ወደ እኔ ዘረጉ፤ እንድፈርድ መሆኑ ነው። በእጄ ይዤው የመጣሁት ዘምባባ ቢጫ ነበርና ቢጫ ይቅደም አልኩ። እናቴም ሴትዮዋም እኩል ተቆጡኝ።

ተቀምጬ የራሴን አወጣሁ። ከዝንቡ ክንፍ የወሰድኩትን ጀምሬ ነበር፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ነኝ፤ እንዴት እንደሚያልቅ ገና አላውቅም።